ሞተራችሁን ማት ጥቁር ከማስቀባታችሁ በፊት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ኔትወርክ የሚያስቸግራችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት። ጉዳዩ ቀለም ነው። «ቲቸር ደግሞ ስለ ቀለም ምን ሊለን ነው?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ነገሩ የቀለም ብቻ እንዳልሆነ የምትስማሙ ይመስለኛል።

ነጌሌ ላይ ሞተር ተራ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተራው ቀይ ነበር፣ ሰማያዊ ነበር፣ አልፎ አልፎም ብርማ። አሁን ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ ነው። ጥቁር ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ከፋብሪካው ጥቁር ሆኖ የሚመጣ ቦክሰርም ቲቪኤስም ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለዚያ ስለማያብለጨልጨው፣ ከሰል ስለሚመስለው፣ ልጆቹ «ማት» ስለሚሉት ጥቁር ነው። ታንከሩ ማት፣ ፓራፋንጎው ማት፣ ቸርኬው ማት። አንዳንዱማ የኋላ መብራቱንና ፍሬቻውን ጭምር ጭስ በሚመስል ቀለም ረጭቶበታል። አዶላም ሂዱ፣ ሻኪሶም ሂዱ፣ ያቤሎም ሞያሌም ያው ነው።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ማት ጥቁር ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ሰው ለሚያመላልስ ሞተር፣ በእኛ አቧራ፣ በእኛ ፀሐይና መብራት በሌለው በእኛ መንገድ ላይ፣ እንዲሁ ተረጭቶ የሚለቀቅ ማት ጥቁር ልክ አይደለም። «ቆርጫለሁ፣ አስቀባለሁ» የሚል ደግሞ ማሟላት ያለበት ነገር አለ። ሁለቱንም በየተራ እናያለን።

መጀመሪያ ማት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ከእኔ ጋር ክፍል የተቀመጣችሁ ሁሉ ማት ጥቁርን ለዓመታት ስታዩት ነበር። ሰሌዳው ነው። ሰሌዳ የሚያብለጨልጭ ቢሆን ኖሮ በመስኮት የሚገባው ብርሃን እየተንጸባረቀ ጥግ የተቀመጠው ተማሪ ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር፣ ጽሑፉም አይነበብም። ስለዚህ ሆን ተብሎ ሻካራ ይደረጋል። ለስላሳ ገጽ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ ሻካራ ገጽ ደግሞ በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ክፍል ውስጥ የደከማችሁበት የነጸብራቅ ትምህርት ይሄው ነው። በማት ቀለም ውስጥ በጣም ደቃቅ የሆነ የሲሊካ ዱቄት ይገባል። ቀለሙ ሲደርቅ ገጹ ዓይን የማያየው ኮረኮንች ይሆናል። ጥቁር ስለሆነ አብዛኛውን ብርሃን ይውጠዋል፤ የተረፈችውን ጥቂት ደግሞ ይበትናታል።

ሻካራነቱ ለሰሌዳ ጥቅም ነው፤ ጠመኔውን የሚይዘው እሱ ነውና። ለሞተር ግን ያው ሻካራነት ቀይ አቧራችንን ይይዛል፣ የእጅ ላብ ይይዛል፣ ዘይት ይይዛል። የሚያብለጨልጭ ቀለም ሲጫር በፖሊሽ ታሽቶ ይመለሳል። ማት ግን ካሻችሁት ያሻችሁት ቦታ ብቻ ያብለጨልጭና ማድያት የወጣበት ፊት ይመስላል። ጉልበታችሁ ታንከሩን የሚነካካበት ቦታ ማንም ሳያሸው በራሱ ያብለጨልጫል። ማት የቀባ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ሞተሩን በቀን ሦስቴ ሲወለውል ታዩታላችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ይተወዋል፣ ምክንያቱም አይሆንለትም።

ቤንዚኑም አለ። ማደያ ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ ተገዝቶ፣ መንገድ ዳር ያለ ፈነል ነው የሚቀዳው። አንድ ጭላፊ መፍሰሱ አይቀርም። ከቆርቆሮ የሚረጭ ተራ ስፕሬይ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል። ለዚህ ነው የብዙ ማት ሞተሮች ታንከር በክዳኑ ዙሪያ ተልጦ፣ ከሥሩ ያለው የድሮ ቀይ ቀለም እንደ ቁስል የሚታየው።

ስለ ፀሐዩም ላንሳ። ጥቁር ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቆላ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ታንከር በእጅ አይነካም። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል። 10 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር ወደ 0.2 ሊትር ገደማ ያብጣል። በጠዋቱ ቅዝቃዜ እስከ አፉ ሞልታችሁ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ ብታቆሙት ያ ትርፍ የት ይሂድ? በክዳኑ በኩል ይወጣል፣ ተመልሶም ያንኑ ቀለማችሁን ይበላል። የቦረናን ከብት ተመልከቱ፤ አብዛኛው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ነው። በዚህ ፀሐይ ውስጥ ሲኖር የኖረ እንስሳ የለበሰው ቀለም ይህ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቁር ቦታው ላይ ሲሆን ጥሩ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች የሞተሩን ሲሊንደርና ማቀዝቀዣ ክንፎቹን ጥቁር የሚቀቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቁር ገጽ ሙቀት እንደሚውጥ ሁሉ ሙቀት ይለቃልም። ግን ያ ስስና ሙቀት የሚችል ልዩ ቀለም ነው። በተራ ስፕሬይ ክንፎቹን በወፍራሙ መድፈን ሞተሩን ብርድ ልብስ እንደ ማልበስ ነው።

እዚህ ላይ «ቲቸር ጥቁር ይጠላል» የሚለኝ እንዳይኖር። በእኛ አካባቢ ጥቁር ክፉ ቀለም አይደለም። ኦሮሞ ፈጣሪውን ሲጠራ «ዋቃ ጉራቻ» ይላል። ዝናብ ያዘለ ሰማይ ጥቁር ነው፣ ድርቅን የሚያውቅ ሰው ያንን ጥቁር አይቶ እልል ይላል። ጠቤ ከቀለሙ ጋር ሳይሆን ከመደበቁ ጋር ነው።

መደበቅ ስል ቃሉን አጋንኜ አይደለም። ነጌሌ የወታደር ከተማ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚሁ የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ያነሱት አመፅ የአብዮቱ መጀመሪያ ተብሎ በታሪክ ይጠቀሳል። እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ የወታደር መኪና እያየ ነው ያደገው። ለመሆኑ የሚያብለጨልጭ የጦር ካሚዮን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ፀሐይ ላይ ብልጭ ያለ ነገር ከሩቅ ኮረብታ ይታያል፤ የታየ ደግሞ ይመታል። ስለዚህ ጦር ሠራዊት በዓለም ዙሪያ መኪናውን በማያብለጨልጭ ቀለም ይቀባል፣ እንዳይታይ። አሁን ልጠይቃችሁ። እናንተ ከማን ነው የምትደበቁት? የእናንተ እንጀራ እኮ መታየት ነው! ተሳፋሪ ካላያችሁ ሥራ የለም። የጭነት መኪና ሹፌር ካላያችሁ ደግሞ ነገ የለም።

ከነጌሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ፣ ወይም ወደ ቢታታ በምሽት የነዳ ሰው የማወራውን ያውቃል። የመንገድ መብራት የለም። ግመል አስፋልት ላይ ይተኛል። አህያ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መሐል ይቆማል። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ መብራቱን ሳይቀንስ ዓይን ያሳውራል፣ ከአጠገቡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ማት ጥቁር ሞተር፣ ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሄልሜት (ያውም ካለ)፣ የተጋረደ የኋላ መብራት! ጎማ ፈንድቶበት ዳር ይዞ የቆመ ልጅ ከድንጋይ በምን ይለያል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን በመግደል አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው። ወባም ሆነ ሌላ በሽታ አይቀድመውም። ይህ የዕድሜ ክልል የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእናንተ ነው።

አስተማሪ ነኝና የሚመቸኝን ማስረጃ ብቻ መርጬ አላቀርብም። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። አደጋ የደረሰባቸውን ሞተረኞች ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽሯል። የሚያንጸባርቅ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ በ37 በመቶ ያነሰ አደጋ ነበረባቸው። ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያነሰ። በቀን የፊት መብራት አብርተው የሚነዱ በ27 በመቶ ያነሰ። የሞተሩ የፊት ቀለም ግን ከአደጋው ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

«እንግዲያው ቲቸር፣ ክርክሩ አበቃ!» እንዳትሉኝ። ይህ ጥናት የሚለን ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚያድነው የታንከሩ ቀይ መሆን ሳይሆን ብርሃን የሚልክና ብርሃን የሚመልስ ነገር ነው፦ መብራት፣ አንጸባራቂ፣ ነጭ ሄልሜት። እኛ ጋር ደግሞ የማት ፋሽን ይዞት የሚሄደው እነዚህኑ ነው። ስፕሬዩ ሲረጭ የኋላው ቀይ አንጸባራቂ አብሮ ይቀባል። «ከቀለሙ ጋር አይሄድም» ተብሎ የጎኑ ብርቱካናማ ይነቀላል። ፍሬቻው ይጨልማል። ሄልሜቱም ለማመሳሰል ይጠቁራል። ቀለሙ ብቻውን ባይገድል፣ ከቀለሙ ጋር የሚመጣው ጓዝ ይገድላል። ኦክላንድ ደግሞ መብራት ያለው ከተማ ነው፤ እኛ ጋር ያለ አንጸባራቂ የሚታይ ነገር እንኳ የለም።

ስለ ጅብ አስቡ። ማታ የጅብ ሰውነት አይታያችሁም፤ ባትሪ ስታበሩበት ግን ሁለት ዓይኖቹ ፍም ይመስላሉ። ከዓይኑ ጀርባ ያለው ሽፋን ብርሃኑን ወደ መጣበት ስለሚመልስ ነው። የሞተር አንጸባራቂም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ነዳጅ አይፈልግም፣ ሞተሩ ቢጠፋም ይሠራል። እሱን ቀብቶ መድፈን ማለት የጅቡን ዓይን ማውጣት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። መታመን።

ሊብሬያችሁን አውጥታችሁ እዩት። የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ፣ ቀለምም አለ። «ቀይ» የሚል ሊብሬ ይዞ ጥቁር ሞተር የሚነዳ ልጅ ኬላ ላይ ሲያዝ ምን ብሎ ያስረዳል? ፖሊሱ ምን ያስብ? የተሰረቀ ሞተር መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ቀለሙን መቀየር ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ስሙን አልጠራም፣ በገዛ ሞተሩ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ተጉላልቷል፤ ጥፋቱ ቀለሙን ሲቀይር ሊብሬውን አለማስቀየሩ ብቻ ነበር። ሌባው ቀይሮ ያመልጣል፣ ጨዋው ቀይሮ ይታሰራል።

አዲስ አበባ የሆነውንም አትርሱ። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ጀምሮ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል ዋናው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዘረፋ ነበር። ጥቂቶች ባጠፉት ስንት ሰው እንጀራው ተቋረጠ! የሞተር ሥራ የቆመው በመታመን ላይ ነው። እናቶች «ያቺ ቀይዋን የሚነዳው ልጅ ይውሰድሽ» ብለው ሴት ልጃቸውን የሚልኩት ሞተሯን ስለሚለዩ ነው። ከምሽት ፈረቃ የምትወጣ ነርስ ከሩቅ አይታ «እገሌ ነው» ብላ የምትረጋጋው ስለምትለየው ነው። ሁሉም ማት ጥቁር ሲሆን፣ ታርጋውም አቧራ ሲለብስ፣ ማን ማንን ይለያል? አንዱ ቢያጠፋ ስሙ ለሁላችሁም ይደርሳል። መመሳሰል ለሌባ ይጠቅማል እንጂ ለሠራተኛ አይጠቅምም።

ልጆቹ የሚሉትንም ሰምቻለሁ፣ አልንቀውም። አንደኛው «የድሮው ቀለም ተጫጭሯል፣ ስፕሬይ ርካሽ ነው» ይላል። እውነት ነው። ሌላው ያለኝ ግን ልቤን ነካው። ዲግሪ ይዞ አራት ዓመት ሥራ የፈለገ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ በሕይወቴ እኔ ራሴ የመረጥኩት ነገር ይሄ ቀለም ብቻ ነው» አለኝ። ትምህርት ክፍሉን የመረጠለት መንግሥት ነው፣ ሥራውን የመረጠለት ችግር ነው፣ ሞተሩንም የገዛው አጎቱ ነው። ቀለሙን ግን እሱ መረጠ። ለዚህ መልስ የለኝም። ወጣት የራሴ የሚለው ነገር ሲያጣ ያለችውን አንዲት ነገር ያስጌጣል፣ ይህ መብቱ ነው።

ግን ያቺ ሞተር ከየት መጣች? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረናና በአካባቢው ስንት ከብት እንዳለቀ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። የተረፈችውን ሸጦ ለልጁ ሞተር የገዛ አባት አለ። ለዚያ ቤት ሞተሯ ጌጥ አይደለችም። መንጋዋ እሷ ናት። ከብት ደግሞ ይጠበቃል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ በቀለሙ ይታወቃል። ለከብቱ በቀለም ስም ያወጣ ሕዝብ ልጅ ሞተሩን ከሌላው እንዳትለይ አድርጎ ሲቀባ ይገርመኛል።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቲቸር፣ እኔ አስቀባለሁ» የሚል ካለ፣ ቢያንስ እንዲህ አድርገው፦

1. መጀመሪያ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂድ። የቀለም ለውጡን አስመዝግበህ ሊብሬህ ላይ አስቀይር።

2. የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩን፣ ታርጋውን፣ መብራቶቹን፣ ፍሬቻዎቹንና አንጸባራቂዎቹን በወረቀትና በፕላስተር ሸፍን። በቁጥር ላይ የተረጨ ቀለም ነገ ጥርጣሬ ነው።

3. ታንከሩን ፈትተህ ቤንዚኑን አውጣ፣ ክዳኑንም ዝጋ። ባዶ ታንከር ውስጥ የሚቀረው ትነት ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው። ሲጋራም፣ ከሰልም፣ ብየዳም አጠገቡ አይኑር።

4. ስቲከሩን አንሳ፣ በሳሙና እጠብ፣ ቅባቱን አስለቅቅ። በ400 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር እሸው። የጎደጎደውን በስቱኮ ሙላ፣ ከዚያ ፕራይመር። ማት ነው ብለህ ከሥሩ ያለውን ሥራ አታቃልል።

5. እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ወይም ነፋስ ውስጥ አትርጭ። ቀለሙ ገጹ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል፣ አቧራም ይገባበታል። ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀህ፣ ስስ አድርገህ፣ በየመሐሉ እያስደረቅህ ሦስት አራት ዙር። በአንዴ አወፍራለሁ ካልክ ይወርዳል።

6. በላዩ ከማድረቂያው ጋር ተቀላቅሎ የሚረጭ፣ ቤንዚን የሚችል ማት መሸፈኛ አስደርግ። ይህ ቀለም ግን ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። ሻሽ ወይም የጨርቅ ማስክ አይከላከለውም። ተገቢው መተንፈሻ ማስክ ላለው ባለሙያ ስጠው እንጂ ግቢህ ውስጥ ሕፃናት ባሉበት አትሞክረው።

7. የመጨረሻው፣ ዋናው። ጥቁሩ ላይ የሚያንጸባርቅ ቴፕ ለጥፍ። ከኋላ ቀይ፣ ከጎን ነጭ ወይም ቢጫ፣ ሄልሜትህም ላይ። ልጅ አዋቂው የሚለይህ የራስህ ምልክት ይሁን። ሦስት መስመር፣ ክብ፣ የፈለግከውን ምረጥ። ማት ጥቁር ላይ እንደሱ የሚያምር ነገር የለም፣ እመነኝ።

ይህቺን ሰባተኛዋን ካደረግክ ግማሹ ክርክሬ አልቋል። ጥቁር ሰሌዳ በራሱ ጥፋት የለበትም። ነጩ ጠመኔ ከኋላ ወንበር ድረስ ጎልቶ የሚነበበው ሰሌዳው ጥቁር ስለሆነ ነው። ጠመኔ የሌለበት ሰሌዳ ግን ማንንም አያስተምርም፤ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጨለማ ነው። ሞተራችሁ ላይ ጠመኔ ይኑር ነው የምለው።

ለወላጆችም አንድ ቃል። ሞተር ስትገዙለት ሄልሜቱን አብራችሁ ግዙ፣ ነጩን። ለሞተር ማኅበራት ደግሞ፣ እዚህ የምታነቡኝ የማኅበር ሰብሳቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ያለው የቦዳ ቦዳ ነጂ የሚያንጸባርቅ ሰደሪያ መልበስ በሕግ ግዴታው ነው። እኛስ ሕግ እስኪያስገድደን ለምን እንጠብቃለን? ከወርሃዊ መዋጮ ላይ ጥቅል የሚያንጸባርቅ ቴፕ ገዝቶ ለአባላት መቆራረጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ቀለም ቀቢዎች፣ እናንተም የእኛው ልጆች ናችሁ። ሊብሬውን ሳታዩ አትቀበሉ፣ መብራትና አንጸባራቂ ላይ አትርጩ። ደንበኛው ቢቆጣ «ቲቸር ከልክሎኛል» በሉት፣ እኔ ላይ ይምጣ።

የማትስማሙ ካላችሁ ከሥር ጻፉ፣ እንከራከር። ማት ያስቀባችሁም ፎቶ ለጥፉ፣ ቴፕ ያለው ግን ይሁን! ሞተር የሚነዳ ወንድም ያላችሁ ሼር አድርጉለት። ቀን ቀን መብራታችሁን አብሩ፣ በሰላም ግቡ።